ሬሳ፣ ምትሃትና ፍቅር በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እንዴት ይስማማሉ?

በ1928 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ኤስ. ኤስ. ቫን ዳይን በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ አሜሪካዊ ለወንጀል ምርመራ ልቦለድ ሃያ ሕጎች አወጣ። ሦስተኛው ሕግ ፍቅር አይግባበት ይላል። መርማሪው የመጣው ወንጀለኛ ሊይዝ ነው፣ ሰው ሊያጋባ አይደለም። ስምንተኛው ሕግ ደግሞ ምሥጢሩ የሚፈታው በተፈጥሯዊ መንገድ ብቻ ነው ይላል። መናፍስት መጥራት፣ የሰው ሐሳብ ማንበብ፣ በመስታወት ኳስ ማየት፣ ሁሉም ክልክል። በዓመቱ ሮናልድ ኖክስ የሚባል እንግሊዛዊ የራሱን አሥር ትእዛዛት ጻፈ። ሁለተኛው ትእዛዝ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኃይል ሁሉ ከታሪኩ ይውጣ የሚል ነው። ኖክስ የካቶሊክ ቄስ ነበር። እሑድ ስለ ተአምር ይሰብካል፣ ሰኞ መንፈስን ከልቦለድ ያባርራል።

እነዚህን ሰዎች የሰማቸው ቢኖር ኖሮ ዛሬ ብዙ አንባቢ ያለው አንድ የልቦለድ ዓይነት ባልተወለደ ነበር። ግድያ አለ። ገዳዩን የሚፈልግ ሰው አለ። ከዚያ ጋር ቫምፓየር (የሰው ደም እየጠጣ የሚኖር ሙት)፣ መንፈስ፣ ጠንቋይ ወይም የሙታንን ድምፅ የሚሰማ ሰው አለ። በዚህ ሁሉ መሀል ደግሞ ሁለት ሰዎች ይተያያሉ፣ ይፈላለጋሉ፣ ይጠራጠራሉ። የማይወዱት ሰዎች "ሁሉንም ነካ ነካ ያደርጋል፣ አንዱንም በቅጡ አይሠራም" ይላሉ። ደካማ ሆኖ ሲጻፍ እውነታቸውን ነው። በደንብ ሲጻፍ ግን ሦስቱ ነገሮች አብረው የሚኖሩ ጎረቤታሞች አይደሉም። አንዱ ከሌለ ሌሎቹም አይቆሙም። ይህ እንዴት እንደሚሆን ካወቃችሁ ንባቡ በእጥፍ ይጣፍጣል።

በመጀመሪያ ግን ከልካዮቹን እንስማቸው። ያለ ምክንያት አልከለከሉም።

የወንጀል ምርመራ ልቦለድ በደራሲና በአንባቢ መካከል የሚደረግ ውድድር ነው። መርማሪው ያየውን ፍንጭ አንባቢም ማየት አለበት። መጨረሻ ላይ ገዳዩ ሲታወቅ "ይሄማ ገጽ 40 ላይ ነበር፣ እንዴት አለፈኝ!" ማለት አለብን። ደስታው ያ ነው። አሁን ደራሲው መጨረሻው ላይ የሟችን መንፈስ ጠርቶ "የገደለኝ እገሌ ነው" ቢያሰኘውስ? ወይም ገዳዩ በተዘጋ በር ያለፈው ግድግዳ ሰንጥቆ ማለፍ ስለሚችል ነው ቢለንስ? ካርታ ስንጫወት ቆይተን ሊሸነፍ ሲል አዲስ ሕግ እንደሚያወጣ ሰው ነው። ተጭበረበርን።

ፍቅርም የተከለከለው በተመሳሳይ ሐሳብ ነው። ልባችን በተከፈለ ቁጥር ፍንጩ ያመልጠናል፣ ምርመራውም ይንቀራፈፋል። በ1930 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው የወንጀል ደራሲዎች ክበብ፣ አጋታ ክሪስቲም አባል የነበረችበት፣ አዲስ አባል ሲቀበል መሐላ ያስምል ነበር። መርማሪዬ ገዳዩን የሚያገኘው በራሱ ጭንቅላት እንጂ በራእይ፣ በምትሃት ወይም በአጋጣሚ አይደለም ብሎ መማል ነው። ነገሩ ግማሽ ጨዋታ ቢሆንም ቁም ነገር ነበረበት።

ከሁሉም የሚገርመኝ አርተር ኮናን ዶይል ነው። ሰውየው ከሙታን ጋር መነጋገር ይቻላል ብሎ ከልቡ ያምን ነበር። በ1920 ሁለት የእንግሊዝ ልጃገረዶች አነሣን ያሉትን የተረት ፍጡራን ፎቶ እውነት ነው ብሎ በመጽሔት አሳትሞ ብዙ ተስቆበታል። እንዲህ የሚያምን ሰው የፈጠረው ሸርሎክ ሆምስ ግን መናፍስትን በሩ አያስደርስም። በ1901 በተከታታይ መውጣት በጀመረው የባስከርቪል ውሻ ታሪክ ውስጥ አንድን ቤተሰብ ለትውልድ የሚያሳድድ እሳት የሚተፋ ውሻ አለ ይባላል። ሆምስ ደርሶ ሲያየው በጨለማ የሚያበራ ፎስፈረስ የተቀባ ተራ ውሻ ነው። ዶይል የግል እምነቱን ከመርማሪው ሥራ ለይቶ አስቀመጠ። አንባቢ የሚከተለው ሎጂክ ካልኖረ ሆምስ ሆምስ እንደማይሆን ገብቶታል።

እንግዲያው መንፈስ ያለበት የምርመራ ልቦለድ የማይቻል ነው? ይቻላል። መፍትሔው ምትሃቱን ማባረር ሳይሆን ምትሃቱን በሕግ ማሰር ነው። በ1960ዎቹ ራንዳል ጋሬት የሚባል አሜሪካዊ ደራሲ ይህን በግልጽ አሳየ። የፈጠረው ዓለም ውስጥ ምትሃት እንደ ፊዚክስ የሚጠና ትምህርት ነው። መርማሪው ሎርድ ዳርሲ ራሱ ምንም ምትሃት አይችልም፣ የሚያስበው በጭንቅላቱ ነው። ረዳቱ ግን ፈቃድ ያለው ጠንቋይ ነው። የወንጀሉን ቦታ በምትሃት ይመረምራል፣ ልክ ዛሬ ፖሊስ የጣት አሻራ እንደሚያነሣው። ረዳቱ ምን ማድረግ እንደሚችልና እንደማይችል አስቀድሞ ይነገረናል። ስለዚህ በተዘጋ ክፍል የተገደለ ሰው ሲገኝ፣ ያውም ሆቴሉ በጠንቋዮች ተሞልቶ፣ አሁንም ከደራሲው ጋር እኩል መወዳደር እንችላለን።

ሕጉ አጭር ነው። ምትሃቱ ምን ማድረግ እንደሚችል ሳያስፈልግ በፊት ይነገረን። ከዚያ በላይ አስፈላጊው ደግሞ ምን ማድረግ እንደማይችል ነው። ምሥጢር የሚወለደው ከኃይል አይደለም፣ ከኃይል ገደብ ነው። ሁሉን የሚያይ መርማሪ ያለበት መጽሐፍ ሦስት ገጽ ነው የሚሆነው።

አሁን ወደ ዋናው ምሳሌዬ ልሂድ። ሻርሌን ሃሪስ የምትባል ከዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ክፍል የሆነች ደራሲ ለዓመታት ምንም ምትሃት የሌለባቸውን የወንጀል ልቦለዶች ስትጽፍ ቆየች። ከዚያ በ2001 ዴድ አንቲል ዳርክ የሚባለውን መጽሐፍ አወጣች። ብዙ ሰው የሚያውቀው ከእሱ የተሠራውን ትሩ ብለድ የሚባል የቴሌቪዥን ድራማ ነው፤ ከ2008 እስከ 2014 ታይቷል። ድራማው ደምና ራቁት ገላ ስላበዛበት መጽሐፉ የምርመራ ልቦለድ መሆኑ ተረስቷል። መጽሐፉ ግን አንቶኒ የሚባለውን የወንጀል ልቦለድ ሽልማት ያገኘ ነው።

ታሪኩ ሉዊዚያና ውስጥ ቦን ቶምፕ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ጃፓኖች ሰው ሠራሽ ደም ሠርተዋል። ስለዚህ ቫምፓየሮች "ከእንግዲህ ሰው መብላት አያስፈልገንም" ብለው ከተደበቁበት ወጥተዋል። በሕግ መኖር ጀምረዋል፣ ሰው ግን አላመናቸውም። ሱኪ ስታክሃውስ በአንድ ቡና ቤት አስተናጋጅ ናት። የሰው ሐሳብ ትሰማለች። አንድ ማታ ቢል የሚባል ቫምፓየር ቡና ቤቱ ይገባል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተዋጋ ሰው ነው፣ ማለትም ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙ ሳይቆይ በከተማዋ ሴቶች ታንቀው ይገኛሉ። ሟቾቹ ከቫምፓየር ጋር የተኙ፣ ገላቸው ላይ የንክሻ ምልክት ያለባቸው ናቸው። ፖሊስ ሁለት አቅጣጫ ያያል። አንዱ ቫምፓየሮቹ ናቸው። ሌላው የሱኪ ወንድም ጄሰን ነው፣ ሟቾቹን በቅርብ ያውቃቸው ስለነበር።

እስቲ ደራሲዋ የገባችበትን ጣጣ አስቡት። ዋናዋ ሰው ሐሳብ ታነባለች። ቫን ዳይን በስም ጠቅሶ የከለከለውን ነገር ነው ያመጣችው። የከተማው ሰው ሁሉ ቡና ቤቱ ይመጣል። ሱኪ ቢራ እያቀረበች አንድ ዙር ብትዞር ገዳዩ ይታወቃል። ታሪኩ በሁለተኛው ምዕራፍ ማለቅ ነበረበት።

ያላለቀው ሃሪስ ስጦታውን በገደብ ስላጠረችው ነው። ሱኪ የምትሰማው የተሟላ ዓረፍተ ነገር አይደለም። ቁርጥራጭ ሐሳብ፣ ምስል፣ ስሜት ነው። ከአንዱ ሰው ግልጽ ነው፣ ከሌላው ጭጋግ። ከዚያም አልፎ መስማቱን ትጠላዋለች። የጓደኛህን ሐሳብ ስትሰማ ጓደኛህን ታጣለህ። ስለዚህ ልጅ ሆና ጀምሮ አእምሮዋን መዝጋት ተለማምዳለች፣ በተለይ ከምትወዳቸው ሰዎች። ለወንድሟ ስትል ግን መከላከያዋን አውርዳ ሆን ብላ ማዳመጥ ይኖርባታል። ቢሰማትስ ደግሞ? "ሐሳቡን ሰምቻለሁ" ተብሎ ፖሊስ ጣቢያ አይኬድም። አብዛኛው ከተሜ እንዲያውም እብድ ናት ነው የሚላት። ችሎታዋ ፍንጭ ይሰጣታል እንጂ ማስረጃ አይሰጣትም። እንግዲህ እንደማንኛውም መርማሪ ማሰብ ሊኖርባት ነው።

ከገደቦቹ ሁሉ ግን አንዱ ይበልጥብኛል። ሱኪ የቫምፓየር ሐሳብ አትሰማም። ቢል አጠገቧ ሲቀመጥ ዝምታ ነው።

ይህች አንዲት ሕግ ስንት ሥራ እንደምትሠራ ተመልከቱ። ሱኪ ከወንድ ጋር ግንኙነት መመሥረት አቅቷት የኖረች ሴት ናት። አንድ ወንድ እያቀፋት ስለ ዳሌዋ ምን እንደሚያስብ በግልጽ ብትሰማ ማን ያስችላታል? ቢል ጋር ግን ዕረፍት አገኘች። ያፈቀረችው ስለማትሰማው ነው። እዚያው ላይ ደግሞ፣ ስለማትሰማው፣ ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ አትችልም። በከተማው ያሉትን ሰዎች ሁሉ ቢያንስ በጨረፍታ መፈተሽ ትችላለች፣ ቢልን ብቻ አትችልም። ያውም የቫምፓየር ንክሻ ያለበት ሬሳ በተገኘበት ከተማ፣ እሱም እንግዳ ሆኖ በመጣበት ሰሞን። የምትወደውም የምትጠረጥረውም በአንድ ምክንያት ነው። ምትሃቱ፣ ምርመራውና ፍቅሩ ከአንዲት ገደብ ተቀዱ። ፍቅሩን ከመጽሐፉ ብትቆርጡት ዋነኛው ተጠርጣሪ አብሮ ይሄዳል። ምትሃቱን ብትቆርጡት ፍቅሩ ምክንያት ያጣል። ገዳዩን አልነግራችሁም፣ አንብቡት።

ታሪኩን የምትነግረን ራሷ ሱኪ መሆኗም ትልቅ ነገር ነው። የምናየው እሷ ያየችውን ብቻ ነው። ያፈቀረ ሰው ደግሞ መጥፎ ምስክር ነው። ቢል ሲቀር ሰበብ ትፈልግለታለች፣ ሲቆጣ ትተረጉምለታለች። እኛም ከሷ ጋር እንታለላለን ወይም ከሷ ቀድመን እንነቃለን። ጎበዝ ደራሲ ፍንጭ የሚደብቀው እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ነው። አንባቢ ስለ መሳም እያነበበ ሳለ የምሥጢሩ ቁልፍ በጎኑ ያልፋል። ቫን ዳይን ፍቅር ከፍንጩ ያዘናጋል ብሎ ፈርቶ ነበር። ማዘናጋቱ ልክ ነው። ግን ማዘናጋት ለምርመራ ልቦለድ ደራሲ ዋና መሣሪያው መሆኑን ዘነጋው።

እንዲያውም በራሱ ዘመን የክበቡ ታዋቂ አባል ዶሮቲ ሴየርስ ይህን ሕግ ጥሳዋለች። በ1930 ባወጣችው ልቦለድ መርማሪዋ ሎርድ ፒተር ፍርድ ቤት ገብቶ የቀድሞ ፍቅረኛዋን በመርዝ ገድላለች የተባለችን ሴት ያያል። እዚያው ይወዳታል። ከስቅላት ሊያድናት ገዳዩን መፈለግ አለበት። ማፍቀሩ ምርመራውን አላዘገየበትም፣ ያጣደፈው እሱ ነው። እሷ ግን ወዲያው እሺ አትለውም። ነፍሷን ያተረፈላትን ሰው በውለታ ማግባት አልፈለገችም። እሺ ያለችው ከአምስት ዓመት በኋላ በወጣ ሌላ መጽሐፍ ነው።

ይህ ሁሉ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ከመሰላችሁ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ1794 አን ራድክሊፍ የምትባል እንግሊዛዊት ሚስትሪስ ኦፍ ኡዶልፎ የሚባል ልቦለድ ስታሳትም አሳታሚዎቹ 500 ፓውንድ ከፈሏት። ለዚያ ጊዜ ጉድ ያሰኘ ገንዘብ ነው። ኤሚሊ የምትባል ወላጅ አልባ ልጅ በአክስቷ ባል እጅ ትወድቅና ጣልያን ተራራ ላይ ወዳለ አሮጌ ግንብ ትወሰዳለች። ሌሊት ዘፈን ይሰማል፣ ድምፅ ይጣራል፣ ጥላ ያልፋል። ከሁሉ የከፋው በአንድ ክፍል ውስጥ በጥቁር መጋረጃ የተሸፈነ ነገር ነው። ኤሚሊ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አይታ ራሷን ትስታለች። ምን እንዳየች ግን አይነገረንም። በመቶ የሚቆጠሩ ገጾች ካለፉ በኋላ ነው የምናውቀው። ከ230 ዓመት በላይ የሆነው መጽሐፍ ስለሆነ ብናገር አትቆጡኝም፤ የሰም አሻንጉሊት ነው፣ የበሰበሰ ሬሳ አስመስለው የሠሩት።

ራድክሊፍ መንፈስ መስሎ የታየውን ሁሉ መጨረሻ ላይ በተፈጥሯዊ ምክንያት ታስረዳለች። በጊዜዋም ዛሬም የሚናደዱባት አሉ፣ ይህን ሁሉ አስፈርታን ሰም ነበር ትለናለች እያሉ። እኔ በከፊል ከተናዳጆቹ ነኝ። ግን ፍቅሩን ስታዩት የሠራችው ነገር ይገባችኋል። ኤሚሊ ቫላንኮርት የሚባል ወጣት ትወዳለች። በኋላ ስለ እሱ ክፉ ወሬ ይደርሳታል፤ ፓሪስ ሄዶ ቁማር ለመደ፣ ተበላሸ። ትተወዋለች። ከወሬው ገሚሱ እውነት ነው፣ የከፋው ግን የተጋነነ ሆኖ ይገኛል። ግንቡ ውስጥ "የሰማሁት ድምፅ እውነት ነው ወይስ ፍርሃቴ ነው?" የምትለው ልጅ ስለምትወደው ሰውም የምትጠይቀው ይህንኑ ነው። የሰማሁትን ልመን ወይስ አልመን? መንፈሱም ፍቅሩም አንድ ጥያቄ ነው የሚያስጠይቋት።

ይህን የመዋለል ስሜት ቆይቶ በ1970 ቶዶሮቭ የሚባል በቡልጋሪያ የተወለደ የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ በቲዎሪ አስቀምጦታል። በአጭሩ የሚለው እንዲህ ነው። አንድ እንግዳ ነገር ሲከሰት ሁለት መውጫ አለ። ወይ ቅዠት፣ ማጭበርበር፣ የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ወይ ደግሞ ዓለም እኛ ከምናውቀው ሌላ ሕግ አላት። ከሁለቱ አንዱን እስክንመርጥ ድረስ ያለችው የማመንታት ጊዜ ናት ልዩዋ። ራድክሊፍ የማመንታቷን ጊዜ ታረዝምና በመጀመሪያው በር ትወጣለች። ሃሪስ ደግሞ ማመንታት ብሎ ነገር የላትም፤ ከመጀመሪያው ገጽ ቫምፓየር አለ፣ ተቀበሉት ትላለች። እሷ ጋ ማመንታቱ ወደ ሰዎች ዞሯል። መንፈስ አለ ወይ ብለን አንጠይቅም፣ ይሄ ሰው ይታመናል ወይ ነው የምንለው።

እዚህ ላይ የእኛ አገር አንባቢ ለየት ያለ ቦታ አለው። ቶዶሮቭ ያሰበው አንባቢ መጀመሪያ የሚጠራጠር ነው። ቡዳ፣ ዛር፣ ጋኔን ሲወራ ያደገ ሰው ግን ለመጠራጠር ያን ያህል አይቸኩልም። እንዲያውም በቡዳ ወሬ ውስጥ የምርመራ ልቦለድ ፍሬ አለበት። ሰውየው ቀን ቀጥቃጭ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላል። እንዴት ይታወቃል? ጅቡ ሲገደል ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ እንዲህ ዓይነት ጉትቻ በተገደሉ ጅቦች ጆሮ ላይ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ጽፏል። አያችሁ፤ ምትሃት አለ፣ ምትሃቱ ግን የማይደብቀው ፍንጭ ጥሎ ያልፋል። ጋሬትና ሃሪስ የሚሠሩበት ሕግ ይኸው ነው። ልዩነቱ በልቦለድ የሚጠረጠረው የወረቀት ሰው መሆኑ ነው። በቡዳ ስም ግን ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቤተ እስራኤሎች በእውነት ተገልለዋል፣ ተጎድተዋል። ሃሪስም ቫምፓየሮቿን የተገለለ ሕዝብ አስመስላ መሣሏ ያለ ነገር አይደለም። ወንጀል በተፈጸመ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠረጠሩት እነሱ ናቸው።

ፍርሃትና ፍቅር ለምን ይስማማሉ ለሚለው ሥነ ልቦናዊ መልስም ሲጠቀስ ትሰማላችሁ። በ1974 ደተንና አሮን የተባሉ ተመራማሪዎች ካናዳ ቫንኩቨር አጠገብ 70 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የሚወዛወዝ ድልድይ ላይ ወንዶችን ፈተኑ። አንዲት ሴት ጥያቄ ጠይቃቸው ስልክ ቁጥሯን ትሰጣቸዋለች። በሚያስፈራው ድልድይ ያለፉት ዝቅ ባለው ጽኑ ድልድይ ካለፉት ይልቅ በብዛት ደወሉላት። በፍርሃት የሚመታ ልብ ለፍቅር የሚመታ ይመስለዋል ተባለ። የተፈተኑት ሰዎች ጥቂት ናቸው፣ ሶፋ ላይ ተጋድሞ መጽሐፍ ማንበብም ድልድይ ላይ እንደመወዛወዝ አይደለም። ስለዚህ ብዙ አልደገፍበትም።

መጽሐፍ ልትመርጡ ስትሉ ግን አንድ ነገር ይጠቅማችኋል። መንፈስ፣ ወንጀልና ፍቅር ያለበት መጽሐፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ቃል አይገባላችሁም። የአሜሪካ የፍቅር ልቦለድ ደራሲዎች ማኅበር የፍቅር ልቦለድ ለመባል ሁለት ነገር ይጠይቃል። ፍቅሩ የታሪኩ ማዕከል መሆን አለበት፣ መጨረሻውም ልብ የሚያረካና ተስፋ ያለው መሆን አለበት። እዚያ ወንጀሉ አጃቢ ነው። የምርመራ ልቦለድ ሲሆን ግን ደራሲው ያለበት ዕዳ አንድ ነው፤ ገዳዩን ማሳየት። ፍቅሩን አንጠልጥሎ ሊተወው ይችላል፣ ለሚቀጥለው መጽሐፍ። ተከታታይ መጻሕፍት የሚያስይዙን በዚህ ነው። ወንጀሉ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ይዘጋል፣ ፍቅሩ ክፍት ይቆያል። ጀርባው ላይ ያለውን ማስታወቂያ አንብቡና የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለ ሬሳ ነው ወይስ ስለ ሰውየው ደረት ብላችሁ ዕዩ። አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።

ሬሳ ኖሮ ደም የማይበዛበት ከፈለጋችሁም አለ። ትንሽ ከተማ፣ ዳቦ ቤት ወይም መጽሐፍ መሸጫ፣ ድመት፣ እና ምክር የሚሰጥ የአያት መንፈስ። ግድያው ከመጋረጃ ጀርባ ነው፣ አልጋውም እንደዚያው። ቀለል ያለ ነገር ነው፣ ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው ይስማማል። ከተማ ውስጥ የሚካሄድ፣ ጨለማና ጥይት የበዛበትም አለ። እሱን ማታ ብቻችሁን ባትጀምሩት።

ስታነቡ የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ገጾች በጥሞና አንብቡ። ደራሲው የዓለሙን ሕግ የሚያወጣው እዚያ ነው። ቫምፓየር ሳይጋበዝ ቤት አይገባም ከተባለ፣ ያቺ ነገር በኋላ አንድ ሰው ታድናለች ወይም ታስይዛለች። ቫምፓየር የለም ብላችሁ አትከራከሩ፣ ለዚህስ ገና በ1817 ኮለሪጅ የተባለው ገጣሚ አለማመናችንን በፈቃዳችን ለጊዜው እናቆየው ብሎናል። ደራሲው ራሱ ያወጣውን ሕግ ሲጥስ ግን አትለፉት። ሌላው፣ ፍቅረኛውን ጠርጥሩ። ሁልጊዜ። ደራሲው ስለ ሰውየው ያልነገራችሁን ነገር መዝግቡ፤ ቀን የት ነው የሚውለው፣ ገንዘቡን ከየት አመጣው፣ ሟችን ያውቃት ነበር? ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ እንኳ መጠርጠራችሁ ፍቅሩን ያጣፍጠዋል። በተከታታይ የወጣ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ከአንደኛው ጀምሩ። ግድያው ከየትም ቢጀመር ይገባል፣ ፍቅሩ ግን አይገባም።

ተከታታይ መጻሕፍት የራሳቸው በሽታ አላቸው። ደራሲው በየመጽሐፉ አዲስ ፍጡርና አዲስ ኃይል ይጨምራል። በስምንተኛው መጽሐፍ ላይ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል መቁጠር ያቅታል፣ ገደቡ ሲጠፋ ምሥጢሩም ይሳሳል። የሱኪ ታሪክም ከዚህ አላመለጠም። ተኩላ የሚሆን ሰው፣ ጠንቋይ፣ የተረት ፍጡር ሁሉ ተጨመረበት። አንባቢው ግን አልተወውም፣ ምክንያቱም ሱኪ መጨረሻ ላይ ማንን ትመርጣለች የሚለው አልተመለሰም ነበር።

አሥራ ሦስተኛውና የመጨረሻው መጽሐፍ በ2013 ሊወጣ ሲል መጨረሻው ሾልኮ ተወራ። ሱኪ ከማን ጋር እንደሆነች ሲታወቅ የሌላው ወንድ ደጋፊዎች ተቆጡ። ደራሲዋ የስድብና የማስፈራሪያ መልእክት ጎረፈላት። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ ግድያም ነበረ፣ ሱኪ ራሷ ተጠርጥራ ታስራለች። ገዳዩ ለምን እሱ ሆነ ብሎ የተጣላ ሰው ግን አልሰማሁም።